ከሽማግሌው በፊት የሕክምና ቦርዱ

ወረታ ላይ በሩዝ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ወጣት እጁን ቺንጋ (ሞተሩ ማሽኑን የሚያዞርበት ቀበቶ) ቢይዘው ቀጥሎ የሚሆነውን የጣና ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለወፍጮው በድንጋጤ በተገኘው መኪና ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያደርሰዋል፤ የካርዱን፣ የራጁንና የመድኃኒቱን ይከፍላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ የሁለቱም ወገን ዘመድ ተጠርቶ ሽማግሌ ይቀመጣል። «አሳክሞታል፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ እግዜር ያመጣው ነው» ይባልና ሠላሳ ሺህ ብር ተቆርጦ «ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል ወረቀት ይፈረማል። ቁስሉ ገና አልጠገገም። ጣቶቹ ይታጠፉ አይታጠፉ ሐኪሙም በእርግጠኝነት አይናገርም።

በሽምግልና ላይ ጠብ የለኝም፤ ብዙ ቂም አብርዷል። ችግሩ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ሳይታወቅ የሚቆረጥ ካሳ ሳይሰፈር እንደሚሸጥ እህል ነው፤ ከሳሪውም ሁልጊዜ አንድ ወገን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን እንዲከፍል የሚያደርገው ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት ከተጎዳ አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። ስለዚህ የሰውየው ደግነት ከሒሳቡ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሚከፈለውም አንድ ነገር ሳይሆን ሦስት ነው። አንደኛው ሕክምናው ነው፤ ቀዶ ሕክምናን፣ የሆስፒታል ወጪን፣ መድኃኒትን፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካልን ይጨምራል። ሁለተኛው ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የሚከፈለው ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ሦስተኛው ለዘላቂ ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ነው። ባሕር ዳር ላይ በተለምዶ የሚከፈለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ «አሳክሜዋለሁ» ተብሎ ሁለቱ ይዋጣሉ።

በቁጥር እንየው። ወጣቱ በወር 6,000 ብር ያገኝ ነበር እንበል። ስድስት ወር ሥራ ፈትቶ ታከመ፤ ከዚያ የሕክምና ቦርዱ (የጉዳትን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቡድን) 30 በመቶ ዘላቂ ጉዳት አለበት ብሎ ወሰነ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 18,000፣ የሚቀጥሉት ሦስት 13,500 ብር ይሆናሉ። ዘላቂ ሙሉ ጉዳት ቢሆን ኖሮ የሚከፈለው የዓመት ደመወዝ በአምስት ተባዝቶ 360,000 ብር ነበር፤ 30 በመቶው 108,000 ነው። ድምሩ 139,500 ብር፣ ሕክምናው ሳይቆጠር። ሽማግሌ ፊት የተቆረጠው 30,000 ነበር። ደግሞም ይህ ክፍያ ግብር አይቆረጥበትም።

ድርጅቱ ለሠራተኞቹ መድን ከገባ ወይም ሠራተኛው በጡረታ አዋጅ ከተሸፈነ የዘላቂ ጉዳቱ ክፍያ በዚያ መንገድ ይሄዳል፤ የኅብረት ስምምነት ካለም መጀመሪያ እሱ ይታያል። ከላይ ያለው ስሌት ሁለቱንም ላላገኘ ሠራተኛ ነው። በወፍጮ ቤት፣ በብሎኬት ማምረቻና በየግንባታው ያለው የቀን ሠራተኛ እንግዲህ እዚህ ውስጥ ነው።

ወረቀቱ ላይ የተፈረመው ዕርቅ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ከስድስት ወር በኋላ እጁ እንደማይጨብጥ ሲታወቅ ዳኛው መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ወረቀት ነው። ለማስፈረስ የሚደረገው ክርክር ረጅም ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም። የሕክምና ቦርዱ ደግሞ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ12 ወራት ውስጥ የጉዳቱን መጠን እንዲወስን አዋጁ ያዝዛል። መጠበቅ የሚያስከፋው አሠሪ ካለ በየወሩ የሚገባውን ከፍሎ ይጠብቅ፤ ሽማግሌዎቹም መቶኛው የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው ቢቀመጡ ሥራቸው ይቀልላል።

አሠሪው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው መከላከያ «የራሱ ጥፋት ነው፣ ጓንት አላደረገም» የሚለው ነው። አዋጁ አሠሪውን ነጻ የሚያደርገው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ፣ ወይም በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ነው። ቁልፉ «በግልጽ» የሚለው ነው፤ መመሪያ ያልሰጠ አሠሪ ተጣሰብኝ ሊል አይችልም። በወፍጮ ቤት ጉዳይማ ጓንት መጥቀስ ሙያውን አለማወቅ ነው። በሚሽከረከር ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) አጠገብ ጓንት፣ ሻርፕና ልቅ እጅጌ ራሳቸው ናቸው እጅ ጎትተው የሚያስገቡት። አደጋው የሚደርሰው ቺንጋው ሲንሸራተት ሞተሩ ሳይጠፋ በእጅ ልመልሰው ሲባል ነው፤ የሚያስቆመውም በቺንጋውና በፑሊው ላይ የሚታሰር የብረት መከለያ ነው። መከለያው የት ነበር? በፎቶ መያዝ ያለበት ይኸው ነው፣ ያውም በዚያው ቀን፤ በማግስቱ ተገዝቶ ሊታሰር ይችላልና።

የመጀመሪያው ቀን ሌላ ነገርም ይወስናል። ካርድ ክፍል «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አድራሹ «ወደቀ» ካለ ካርዱ ላይ «የመውደቅ አደጋ» ብቻ ይሰፍራል፤ የት፣ ምን ሲሠራ የሚለው ይጠፋል። «በሥራ ላይ፣ እገሌ ወፍጮ ቤት፣ ማሽን ይዞት» ተብሎ መጻፉን ማረጋገጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዓመት በኋላ ግን በምስክር ብዛት አይተካም። አብረው የነበሩ ሠራተኞችን ስምና ስልክ መያዝም እንዲሁ ነው። የግንባታ የቀን ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ ይበተናል፣ በኋላ አይገኝም።

የደመወዝ ማስረጃ ሌላው ወጥመድ ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ሠራተኛውን መብት አያሳጣውም፤ አዋጁ ራሱ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስንት ይከፈለው እንደነበር ግን መረጋገጥ አለበት። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ከገባ ታሪኩ አለ፤ በእጅ ከሆነ የፎርማኑ የስም መቆጣጠሪያ ፎቶ ይረዳል። ሌላም አለ፤ በሕጉ «ደመወዝ» የሚባለው መደበኛው ክፍያ ነው፣ የትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርትና የበረሃ አበል አይገባበትም። መነሻ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ቀሪውን በአበል የሚከፍል ድርጅት፣ አስቦበትም ባይሆን፣ ካሳውን አስቀድሞ ቀንሶታል።

በሥራ ውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በጠቅላላው በ1 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም። የሽማግሌ ቀጠሮ ይህን ቆጠራ በራሱ አያቆመውም። «ከመኸር በኋላ»፣ «ከጥምቀት በኋላ» እየተባለ ዓመቱ የሚያልቅበት ሰው አለ። ለጥንቃቄ ከአደጋው ቀን መቁጠር ነው። በሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ የለም፤ ክሱን መጻፍ ላቃተው ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አሠሪው ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ መከለያውን ራሱ አስፈትቶት ከሆነ፣ ሠራተኛው ከአዋጁ ካሳ በተጨማሪ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሊከስ ይችላል፤ የዚህኛው ይርጋ 2 ዓመት ነው።

መንገድ ላይ የሚደርሰው አደጋ ይለያል። ድርጅቱ ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ሠራተኛ አደጋው የሥራ አደጋ ነው። በራሱ ወጪ የሰው ባጃጅ ተሳፍሮ ከሆነ አይደለም፤ የሚጠይቀው የተሽከርካሪውን የሦስተኛ ወገን መድንና ባለንብረቱን ነው፤ ባለንብረቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ከሆነ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ሁሉም የሚጀምረው ከትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ነው፤ «እንስማማ» ተብሎ መኪናው ከቦታው ከተነሳ ሪፖርቱ ይዳከማል።

ሕጉ ራሱ የሚወቀስባቸው ቦታዎች አሉ። በአካባቢው የተለመደ ተላላፊ በሽታ፣ በሽታውን ለማጥፋት ብቻ ለተሰማራ ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ እንደ ሥራ በሽታ አይቆጠርም። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ሲያርም በወባ የወደቀ ተቀጣሪ፣ ወይም ጣና ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ እምቦጭ የተባለውን አረም ሲነቅል ቢልሃርዚያ የያዘው ሰው፣ በሽታው «የአካባቢው» ስለሆነ ብቻ ካሳ አያገኝም። ውኃ ውስጥ ያስገባው ሥራው መሆኑ እየታወቀ! ቢያንስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ለሚሠራ ተቀጣሪ ይህ ክልከላ ሊነሳ ይገባል።

የሞራል ካሳውም እንዲሁ ነው። ቀኝ እጁን ያጣ ወጣት ለደረሰበት የኅሊና ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የሚፈረድለት ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አሃዙ የተጻፈው ሕጉ በ1952 ሲወጣ ነው፤ ዛሬ ያ ገንዘብ ለአስታማሚው ከወረታ ባሕር ዳር ጥቂት ምልልስና ምግብ ቢችል ነው። ይህንን ጣሪያ ማንሳት የሕግ አውጪው ሥራ ነው።