ወጣቱ አርቢ በምን ይጀምር፦ በእናት በግ ወይስ በጠቦት?

ለክርክር የቀረበው ነጥብ፦ በወሎ ገጠር በጥቂት በጎች ሥራ የሚጀምር ወጣት እናት በጎችን ይዞ ያራባ ወይስ ጠቦት ገዝቶ እያደለበ ይሽጥ? ከአቀስታ የጻፉት አንጋፋ አርቢ ለእናት በግ፣ ከሐይቅ የጻፈው ወጣት ለማድለብ ቆመዋል።

የአቀስታው

ጠቦት ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ እንጂ አርቢ አይባልም፤ የበዓል ማግስት ጉሮኖው ባዶ ነውና ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። እናት በግ ግን በአምስት ወር ገደማ ትወልዳለች፣ ግልገሏ ሲጠነክር ዳግም ታረግዛለች፤ አራት ወይም አምስት እናት በጎች ይዞ ከጎረቤት አውራ የሚያስጠቃ ልጅ፣ ሴት ግልገሎቹን ለመሸጥ ካልቸኮለ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መንጋ ይኖረዋል። የወሎ በግ ለውርጭ የሚሆን ጸጉር የለበሰች፣ ደጋውን የለመደች ናት። ራሷን ታበላለች፤ ከባለቤቷ የምትሻው እረኛና ጅብ የማይደፍረው ጉሮኖ ብቻ ነው። ጸጉሯ ባና ይሠራበታል፣ በጠጧ ማሳ ያለማል። ወጣት በዚህ ካልጀመረ በምን ሊጀምር ነው?

የሐይቁ

ጋሼ፣ «ራሷን ታበላለች» ብለው ጽፈዋል። የት ሄዳ? ተራራው ለተፋሰስ ሥራ ተከልሏል፣ ሜዳው ታርሷል፤ በአባቱ ማሳ ላይ የሚኖር የሃያ ዓመት ልጅ በስሙ የተመዘገበ አንድ ጥማድ መሬት የለውም፣ ገለባውም ለአባቱ በሬዎች እንኳ አይበቃም። ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ዘልለው ማለፍዎ አሳዝኖኛል።

ጠቦት ታስሮ ይበላል። ድርቆሽ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጣ ፉርሽካ፣ ከተገኘም ፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) እየተሰጠው በሦስት ወር ሥጋ ያወጣል። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚገበያዩበት አገር በመሆኑ አደላቢው ሁለት በዓል አለው፤ በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ አረፋ ደግሞ ግንቦት 29 ዋለ። በሁዳዴ፣ ዋጋ ሲረክስ፣ በብድር ገዝቶ ለፋሲካ የሸጠ ልጅ ብድሩን በጊዜው ይመልሳል። እናት በግ የያዘው ግን የብድሩ ቀን ሲደርስ የሚሸጠው ያችኑ እናቲቱን ነው።

የአቀስታው

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ማድለብ ሦስት ወር ይፈጃል ያልኸው አንተ ነህ፤ እንግዲያው በሁዳዴ ገዝቶ ለፋሲካ የሚሸጠው ልጅ የጎደለውን ከአንድ ወር በላይ ከየት ያመጣዋል? ከጾሙ በፊት ከገዛ ደግሞ ረክሷል ባልኸው ዋጋ አላገኘም። አረፋም ቢሆን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ይቀድማል፤ በ2015 የዋለው ሰኔ 21 ነበር። በዓላቱ ተራርቀው በሚውሉበት ዓመት ለአንዱ ያደለበው ለሌላው አይደርስለትም።

ከገበያ የመጣ ጠቦት ደግሞ ከየትኛው መንደር ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። ፈንጣጣም፣ ደስታ መሰል የሚባለው ገዳይ የበግና የፍየል በሽታም የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ አዲስ ገቢውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳያቆይ ከሌሎቹ ጋር የቀላቀለ ጀማሪ ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። ስለ ግጦሹ እኔ የጻፍሁት ደጋውን አስቤ ነው፤ ገብስ ከታጨደ በኋላ ማሳው ለሁሉም ከብት ክፍት ነው።

የሐይቁ

ከአጨዳ በኋላ ያለው ማሳ ለስንት ወር ይሆናል? ጥር ሲወጣ የሚቀረው አፈር ነው፤ የበልግ ዝናብ ከቀረ ደግሞ እስከ ክረምት ሣር የለም። በዚያ ወቅት ያረገዘች በግ ምን ይዋጣት? ከመውለዷ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ነው ይበልጥ መብላት ያለባት፤ ከስታ የወለደች እናት ወተት የላትም፣ ግልገሏም በቀናት ውስጥ ያልቃል። በእኛ በኩል እርጥብ ሣር ያለው ረግረግ ዳር ነው፤ እዚያ «ራሷን የምታበላ» በግ ከሣሩ ጋር የጉበት ትል ትወስዳለች። ይህን ቃል እስኪያነሱት ድረስ ሌላውን ነጥብዎን ለማየት እቸገራለሁ፤ ምክንያቱም ሙሉ ክርክርዎ የቆመው እሱ ላይ ነው።

የአቀስታው

ዕድሜዬን በበግ ኋላ ለኖርሁ ሰው የጉበት ትልን ማስተማርህን በትዕግሥት አንብቤዋለሁ። ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ መድኃኒት ይሰጣል፣ ረግረግ ይሸሻል። የ55 ቀኑን ጥያቄ ግን ዘልለኸዋል፤ አንባቢ አይቶታል።

መሬት የሌለው ልጅ መንገድ አለው፤ የርቢ። በግ ያለው ሰው ለሌለው ይሰጣል፣ ልጁ ይጠብቃል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። ብድር የለበትም፣ ወለድ የለበትም፣ ግጦሹም የባለበጉ ነው። አገራችን ድሀውን ባለመንጋ ያደረገችው በዚህ ነው፤ ወጣቶቻችን ግን ከባንክ ደጅ በስተቀር ሌላ በር የሚያንኳኩ አይመስሉም።

የሐይቁ

አሁን የተነሣንበትን ትተን ሌላ ነገር ውስጥ ገባን፤ ይሁን። በየርቢ የያዘ ልጅ የሌላውን ሰው በግ ዓመት ሙሉ አግዶ የሚደርሰው የግልገል ግማሽ ነው። መንታ ካልወለደችና አንድ ብቻ ከሆነ ግማሹ ምን ማለት ነው? የመጀመሪያዪቱ ሴት ግልገል የማን ናት? በግዪቱ በእሱ እጅ ብትሞትስ ይከፍላል? እነዚህ በቃል ብቻ ሲታሰሩ ባለበጉ ሽማግሌ፣ ልጁ ደግሞ ልጅ ስለሆነ፣ በሽምግልናው ማን እንደሚረታ እኔም እርስዎም እናውቃለን።

የአቀስታው

ልጅ ስለሆነ ይሸነፋል ማለትህን አልቀበልም፤ የሽማግሌን ፍርድ እንዲህ አድርጎ መጻፍ ነውር ነው። የጠየቅኸውን ግን እመልሳለሁ። አንድ ግልገል ከሆነች እስክታድግ በጋራ ትቆያለች፤ ስትወልድ ይካፈላሉ። የመጀመሪያዪቱ ሴት የማን እንደምትሆን በሦስት ምስክር ፊት ይነገር፣ ከፈለጋችሁም ይጻፍ፤ እኔ ብሆን ለልጁ እሰጣታለሁ። የሞተችዋን ቆዳ በዕለቱ ያሳየ ልጅም ዕዳ የለበትም።