ያለ እርሳስ ማንበብ

አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ጽሑፌን ባስረከብኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ይዤ ሶፋ ላይ ጋደም አልኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ራሴን ታዘብኩት፤ በቀኝ እጄ እርሳስ ይዣለሁ። የባሰም አለ። መጽሐፉን እንዳገኘሁ መጀመሪያ ያየሁት መቅድሙን፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ምዕራፍ ነበር። ሰውዬው እንደሚሞት እያወቅኩ ነው ገጽ አንድን የጀመርኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስኖርበት የነበረው ልማድ ነዋ! የጥናቱን ጭማቂ አይቶ፣ ድምዳሜውን አይቶ፣ መሃሉን ግድ ካልሆነ አለመንካት።

በሽታው ግን ከአሜሪካ አልጀመረም። እኛ አገር "ላነብ ነው" ያለ ተማሪ ፈተና ደርሶበታል ማለት ነው። ካምፓስ ሳለን ማታ ማታ ደብተር ታቅፈን ስፔስ ፍለጋ ስንዞር "ወዴት?" ለሚለን ሁሉ መልሳችን "ላነብ" ነበር፤ የምንሄደው ግን ልንቸክል ነው። ልብ ወለድ ይዞ የተገኘ ልጅ ደግሞ "ተነስና አንብብ!" ይባላል። እያነበበ እኮ ነው የተያዘው።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዌይን እና ፌንተን ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ በፈረንጆቹ 2015 የተከፈተ ትልቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። በጋ ሲመጣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሕፃናትን የፈለጉትን እንዲያነቡ ይጋብዛሉ፤ ላነበበ ልጅ ትንሽ ሽልማትም አለ። የሥዕል መጽሐፍም ይሁን ስለ ዳይኖሰር የተጻፈ ቀልድ ይቆጠርለታል። አንድ ቅዳሜ ከኋላዬ የተቀመጠች የአገሬ ሰው ልጇን "ይሄማ ሥዕል ነው፤ የሚነበብ አምጣ" ስትለው ሰማሁ። ልጁ ሄደ፣ ተመለሰ፤ የሒሳብ ወረቀቱን አወጣላት። ዞር ብዬ አንድ ነገር ልላት ፈለግኩና እርሳሴ ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

ፈረንጁ ሁሉ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ይውላል ማለቴ ግን አይደለም። ባቡር ውስጥ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያሻሸው። በመንገዴ ላይ ካለ ግቢ ፊት ለፊት በእንጨት ላይ የቆመች የመጽሐፍ ሳጥን አለች፤ በፈረንጆቹ 2009 ዊስኮንሲን ውስጥ ሀድሰን በምትባል ከተማ የተጀመረች ሐሳብ ናት፤ የፈለግከውን ትወስዳለህ፣ ያለህን ታስቀምጣለህ። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ክረምቱን ሙሉ በመስታወቱ ሲያየኝ ከረመ። እኔም አልወሰድኩት፣ ሌላም አልወሰደው። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ያለውን ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ፣ "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ"ን፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር የተረጎመው። ያንን ወረቀት በዚያች ሳጥን አጠገብ ሳልፍ አስታውሰውና ፍጥነት እጨምራለሁ።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ ሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚከራዩ መጻሕፍት አየሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ የተውኩት ነገር አሁንም አለ! ልጁ "ጋሼ፣ የመጽሐፉን ዋጋ መያዣ ያስቀምጣሉ፤ ሲመልሱ ኪራዩን ቆርጬ እሰጥዎታለሁ" አለኝ። "ጋሼ" መባሉን ሳላጣጥም ተቀበልኩና አንድ የፍቅር ታሪክ መረጥኩ። ሽፋኑ በአሮጌ ካላንደር ተለብዷል፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል።

ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ወደ መጨረሻው ገለበጥኩ። የለም። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል፤ ከስፌቱ ላይ የቀረችው የወረቀት ጥርስ ብቻ ናት። ምን ይደረግ፣ ከገጽ አንድ ጀመርኩ።

እርሳስ አላነሳሁም፤ ቦታም አልነበረም። ተከራዮቹ ቀድመውኛል። ልጅቷ ደብዳቤውን የምታቃጥልበት ገጽ ዳር ላይ አንዷ በሰማያዊ እስክርቢቶ "እዚህ ጋ አለቀስኩ" ብላለች። ከሥሩ በሌላ እጅ "እኔም"። ከሥሩ በቀይ "አታካብዱ!"። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ በየኅዳጉ የጻፍኩት "ናሙናው አነሰ" እና "ይህን ማን አለ?" ነው። መብራት ሲጠፋ በስልኬ ባትሪ ቀጠልኩ፤ ኪራዩ በቀን ነዋ። እማዬ ሌሊት ተነስታ ብርሃን ብታይ "አሁንም ፈተና አለብህ እንዴ?" አለችኝ። "የለብኝም" አልኳት። "ታዲያ ተኛ!"

አልተኛሁም። ወደ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀደደው ቦታ ደረስኩ፤ ልጅቷ አውቶቡስ ተራ ቆማለች፣ ሰውዬው ከሩቅ ይጣራል፣ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ያልቃል።

በማግስቱ መጨረሻውን ልጁን ጠየቅኩት። እሱ አላነበበውም። "አንዷ ደንበኛዬ ተጋቡ ትላለች። አንድ ሹፌር ደግሞ የለም፣ ተሳፍራ ሄደች ይላል።"

"አንተስ ማንን ታምናለህ?"

"ሹፌሩን" አለና መያዣዬን መቁጠር ጀመረ። ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ሙሉ ኪራይ ያስከፍላል ወይ ብዬ ተከራከርኩ።

"ጋሼ፣ ሁሉም ሰው የከፈለው እንደዚሁ ነው" አለኝ።