ቀንዱን የገዛ ስሙን አይገዛም

ሚኒሶታ ወይም ዊስኮንሲን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ኖቬምበር ሲገባ ነዳጅ ማደያው ሁሉ ብርቱካናማ ሰደርያ በለበሰ ሰው ይሞላል። ሥራ ቦታ ግማሹ ሰው እረፍት ወጥቷል። የአጋዘን አደን ተከፈተ ማለት ነው። ሲመለሱ ወሬው አንድ ነው፤ ማን ገደለ፣ የት ገደለ፣ ቀንዱ ስንት ጫፍ አለው። ከወሬው ጋር ደግሞ የማይቀር ጭቅጭቅ አለ። «የኔ ነው» «ኧረ የኔ ነው»።

እኛም ብንሆን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለንም። ግዳይ ጥሎ መፎከር፣ «ገዳይ!» ተብሎ መሞገስ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። ስለዚህ ፈረንጆቹ ለአንድ ቀንድ ዘመድ ከዘመድ ሲኳረፉ ሳይ ብዙም አልስቅም። የሚያጣላቸው ሥጋው አይደለም፤ ሥጋው ተካፍሎ ያልቃል። የሚያጣላው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው።

የኔ አቋም ይህ ነው፤ ቀንዱ ሌላ፣ ስሙ ሌላ። ቀንድ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ይጠፋል። «ይህን አጋዘን የጣለው እከሌ ነው» የሚለው ግን አይሸጥም፣ አይወረስም። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ይህን እንደ ጄምስ ጆርዳን ታሪክ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1914 ነው፣ ኖቬምበር ላይ። ጆርዳን የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ዊስኮንሲን ውስጥ ዳንበሪ በምትባል መንደር አጠገብ በበረዶ ላይ ዱካ ተከትሎ ይሄዳል። ባቡር ጡሩምባውን ሲነፋ ከሣሩ ውስጥ አንድ ግዙፍ ወንድ አጋዘን ብድግ አለ። ጆርዳን ተኮሰ። ደጋግሞ ተኮሰ። አጋዘኑ ቆሰለ እንጂ አልወደቀም። የደሙን ፍንጣቂ እየተከተለ ሄደ። ጥይቱ እያለቀ ነበር። በመጨረሻ የሎው ሪቨር በሚባለው ወንዝ ዳር ደርሶበት ጣለው። ክብደቱ ወደ 400 ፓውንድ ይጠጋ ነበር ይባላል፤ በእኛ ሚዛን ወደ 180 ኪሎ ነው። እንኳን ጎትተው፣ አይተውም አያምኑት።

በአካባቢው ጆርጅ ቫንካስል የሚባል ሰው ነበር። የታደነ አውሬ ጭንቅላት ሞልቶ ለግድግዳ ያዘጋጃል። በ5 ዶላር ልሥራልህ አለው። ጆርዳን ጭንቅላቱን ሰጠው። ቫንካስል ወደ ሚኒሶታ፣ ሂንክሊ ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። በኋላም ወደ ፍሎሪዳ ሄደ ተባለ። ቀንዱ የውሃ ሽታ ሆነ።

ሃምሳ ዓመት አለፈ። በ1964 ሳንድስቶን በምትባል የሚኒሶታ ከተማ፣ የልባሽ ዕቃ ሽያጭ ላይ፣ ቦብ ሉድዊግ የሚባል ሰው አቧራ የጠጣ አሮጌ የአጋዘን ራስ አይቶ በ3 ዶላር ገዛ። ሦስት ዶላር! ሳንድስቶን ከሂንክሊ አፍንጫ ሥር ናት። ሉድዊግ ቀንዱን በባለሙያ አስለካ። ውጤቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቁጭ አለ፤ በመጨረሻ የጸደቀው ቁጥር 206 1/8 ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ ለምትሉ፣ መዝገቡን የሚይዘው ቡን ኤንድ ክሮኬት የሚባለው ማኅበር ነው። በ1887 ያቋቋሙት ቴዎዶር ሩዝቬልትና ጆርጅ በርድ ግሪኔል ናቸው። ቀንዱ 60 ቀን እንዲደርቅ ይደረጋል። ከዚያ የግንዱ ርዝመት፣ የእያንዳንዱ ጫፍ ርዝመት፣ ውፍረቱና በሁለቱ ግንዶች መካከል ያለው ስፋት በኢንች ተለክቶ ይደመራል። ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ ልዩነቱ ይቀነሳል። ልኬቱ እስከ ኢንች ስምንተኛ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ደረጃ የደረሰ ቀንድ ግድግዳ ማስጌጫ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ነው። ሉድዊግ በ3 ዶላር የገዛውን በ1968 ለአንድ ቀንድ ሰብሳቢ ሐኪም በ1,500 ዶላር ሸጠው።

ጆርዳን በሕይወት ነበር። ቀንዱን ሲያይ ወዲያው አወቀው። የሚገርመው ከሉድዊግ ጋር የሩቅ ዝምድናም ነበራቸው። ግን ምን ይዞ ይከራከር? ፎቶ የለ፣ ደረሰኝ የለ። መዝገቡ ላይ የአዳኙ ስም በሚጻፍበት ቦታ «አይታወቅም» ተብሎ ተቀመጠ። ሰውየው ደግሞ በሕይወት ተቀምጦ «እኔ ነኝ» ይላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏችኋል ይህ ነው።

ማኅበሩ ጉዳዩን ሲያጣራ ቆይቶ በዲሴምበር 1978 አዳኙ ጄምስ ጆርዳን ነው ብሎ አጸደቀ። ጆርዳን በኦክቶበር ሞቷል። በሁለት ወር አመለጠው። 86 ዓመቱ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሉድዊግን ይወቅሳሉ። «ለሽማግሌው ቢመልስለት ምን ነበረበት?» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሉድዊግ አልሰረቀም። አደባባይ ላይ የተሸጠ ዕቃ ገዛ። ከእሱ በፊት ስንት ሰው አልፎት ሄዶ ይሆናል። ዓይኑ ስላየ ቀንዱ የእሱ ነው፤ ቢሸጠውም መብቱ ነው። ቢመልስ ደግ ሥራ ነበር፤ ግዴታ ግን አልነበረበትም። የጆርዳን የነበረው ስሙ ነው፤ የዘገየበትም እሱ ነው። የማኅበሩ መዝገብ አዳኙንና ባለንብረቱን ለየብቻ ነው የሚያሰፍረው። ሁለት ዓምድ አለው። ይህ አሠራር ለኔ ከብዙ ፍርድ ቤት ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሁለት ሰው አንድ አጋዘን ላይ ሲተኩስስ?

እኔ የምሠራበት ቦታ ሁለት አማቾች በዚሁ ምክንያት አንድ ክረምት ሙሉ ሳይነጋገሩ ከርመዋል። አንደኛው ማለዳ ላይ ተኩሶ ሆዱ ላይ መታው። አጋዘኑ ሮጠ። ሌላኛው ከኮረብታው ባሻገር ተቀምጦ ሳለ እያነከሰ ሲመጣ አየውና አንገቱን መትቶ ጣለው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየናል፤ ሌላው ደግሞ በዚያው ፎቶ ላይ ጣቱን እየጠቆመ የራሱን ጥይት ቀዳዳ ያሳየናል። እኛ ሳንድዊቻችንን ይዘን ዳኛ ሆንን። «ደም ያፈሰሰ ይወስዳል» የሚለውን የድሮ የአዳኞች ልማድ የሚደግፉ ነበሩ። «የጣለ ይወስዳል» የሚሉም ነበሩ። ሁለቱን አማቾች ያስታረቀች ግን የአንደኛው ሚስት ናት፤ ለሌላኛው እህቱ መሆኗ ነው። ቀንዱን ወስዳ ጋራዧ ውስጥ ቆለፈችበት።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በኒውዮርክ ፍርድ ቤት በ1805 የተፈረደ፣ እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪዎች የሚያጠኑት ጉዳይ አለ። ሎዶዊክ ፖስት የሚባል ሰው ሎንግ አይላንድ ባሕር ዳርቻ ላይ ከውሾቹ ጋር ቀበሮ ሲያሳድድ፣ ጄሲ ፒርሰን የሚባለው ከፊቱ ድንገት ብቅ ብሎ ገድሎ ወሰደበት። ፖስት ከሰሰ። የታችኛው ዳኛ ፈረደለት። ፒርሰን ይግባኝ አለና የበላዩ ፍርድ ቤት ገለበጠው። ማሳደድ ብቻውን ባለቤት አያደርግም ተባለ። ነገር ግን ዳኞቹ አንድ ነገር ጨመሩ። አውሬውን ለሞት የሚያደርስ ቁስል አቁስሎ፣ ሳይተው እየተከታተለ ያለ ሰው ግን እንደያዘው ይቆጠራል አሉ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ሊቪንግስተን፣ በፍርዱ አልተስማማም። የእሱ ሐሳብ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ መጀመሪያውኑ ለአዳኞች ሽምግልና መተው ነበረበት ባይ ነው።

ለቁም ነገሩ ግን እኔ የምወስደው ዳኞቹ ስለ ቁስሉ የጨመሩትን ነው። የመጀመሪያ ደም አይበቃም። ጆሮውን ቧጭሮ «የኔ ነው» ማለት ቀልድ ነው። የመጨረሻ ጥይትም አይበቃም። ሊወድቅ ሃምሳ እርምጃ የቀረውን ጨርሶ ከነስሙ መውሰድ ሌላ ሰው የቆፈረውን ጉድጓድ ውሃ እንደመቅዳት ነው። የማይተርፍ ቁስል ያቆሰለና ዱካውን ያልተወ ሰው ባለስም ነው። ዱካውን ትቶ ወደ መኪናው ሄዶ ቡና ሲጠጣ የነበረ ግን ይቅርታ፣ ስሙንም እዚያው ትቶታል። ከአማቾቹ የመጀመሪያው ደሙን ተከትሎ ኮረብታውን ሲወጣ ነበር ሁለተኛውን ጥይት የሰማው። ለእሱ ነው የፈረድኩት። ሆድ የተመታ አጋዘን ቢቆይ እንጂ አይተርፍም። ሁለተኛው አሁንም አኩርፎኛል።

«ታጉ የማን ስም ላይ ነው? በቃ፣ እሱ ነው» የሚሉ አሉ። ታግ ማለት ከአደን ፈቃድ ጋር የሚሰጥ፣ አንድ አጋዘን ለመውሰድ የሚያስችል መለያ ነው። ለመንግሥት ቁጥጥር ጥሩ ነው፤ ገዳዩን ግን አይነግርህም። ዊስኮንሲን ውስጥ በቡድን የሚያድኑ ሰዎች፣ ደንቡን እስካከበሩ ድረስ፣ አንዱ በሌላው ታግ መግደል ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ የአጎት፣ ጥይቱ የወንድም ልጅ ሊሆን ይችላል።

«ጥይቱ የማን ነው» የሚለው ብቻውን የማይበቃበት ሌላ ጉዳይም አለ። በ2023 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ወጣት ግዙፍ አጋዘን ገደለ። አገር ምድሩ አወራለት። በኋላ ሲጣራ ባለመሬቱ ሳይፈቅድለት ሰው መሬት ገብቶ ነው የገደለው። ቀንዱ ተወረሰ፤ እሱም እስርና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ካሳና ቅጣት ተፈረደበት። ጣለው? አዎ፣ ጣለው። ስሙ ይጻፍ? አይጻፍ። በስርቆት የተገኘ ግዳይ አይፎከርበትም።

ማንም ያልገደለውም አለ። በ1981 ሚዙሪ ውስጥ፣ ሴንት ሉዊስ አካባቢ፣ ሞቶ የተገኘ አጋዘን ነበር። ቀንዱ ቅርንጫፉ የተመሰቃቀለ ዓይነት ነው፤ 333 7/8 ተለካ። በራሱ ምድብ እስከ ዛሬ ክብረ ወሰኑን ይዟል። ባለቤቱ የሚዙሪ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። አዳኝ የለም። ማንም አይጣላበትም። የነጆርዳን ክብረ ወሰን ደግሞ በ1993 ሚሎ ሃንሰን በሚባል የካናዳ ገበሬ ተሰብሯል፤ 213 5/8። ሃንሰን ከጎረቤቶቹ ጋር በቡድን ነበር የወጣው፤ የማን እንደሆነ ግን ምስክሩ ብዙ ነው።

የስም ነገር ከተነሳ የእኛውንም ላንሳ። የደጋ አጋዘንን ታውቁታላችሁ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የአርሲና የባሌ ሰው ከጥንት ያውቀዋል። በ1908 አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሻለቃ ገደለው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሳይንሳዊ ስሙ በበክስተን ተሰየመ። እዚያ መዝገብ ላይ ለደጋው ሰው የሚሆን ዓምድ አልነበረም።

ለዚህ ነው የቡን ኤንድ ክሮኬት ሁለት ዓምድ ይበል የምለው። እንዲያውም አንድ ቢጨመርበት ደስ ይለኛል። አዳኝ፣ ባለንብረት፣ ከዚያ ደግሞ «አብሮ የተኮሰ»። የዚያኑ ቀን፣ አጋዘኑ ሳይገፈፍ፣ የነበሩት ሁሉ ይፈርሙበት። ፎቶም ይያያዝ። ስልክ ያልያዘ አዳኝ ዛሬ የለም። ጆርዳን በ1914 የቸገረው ይህ ብቻ ነበር።