ይድረስ ለክቡር አቶ ፌስታል

አድራሻ፦ አጥር ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ ላም ጨጓራ ውስጥ፤ ነፋስ ሲኖር ሰማይ ላይ
ጉዳዩ፦ መሸኛ ስለመስጠት

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የሰፈሩ ወጣቶች በጣም ደህና ነን። «ከናፍቆትዎ በስተቀር» ብለን እንዳንጨምር፣ ለመናፈቅ መጀመሪያ መራቅ ያስፈልጋል። እርስዎ ደግሞ በር በከፈትን ቁጥር ከአጥሩ ላይ ሆነው እጅ ይነሱናል።

ትውልድዎ ስዊድን እንደሆነ ደርሰንበታል። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ መሐንዲስ የፕላስቲክ ቱቦ አጣጥፎ፣ በሙቀት አጣብቆ፣ እጀታ ቆርጦ አበጀዎት። አሠሪው ሴሎፕላስትም እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠራ መብትዎን አስመዘገበ። እዚህ ከደረሱ ወዲህ ግን መታወቂያዎን የጠየቀ የለም። ቀበሌ ሳይመዘገቡ፣ ኪራይ ሳይከፍሉ፣ እድር ሳይገቡ፣ ከነባሩ ነዋሪ በላይ ተደላድለው ይኖራሉ።

ሕግ የለም እንዳይሉን። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ የማይበሰብስ ፌስታል የማምረቻም የማስገቢያም ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። እርስዎ ታዲያ «ይህን ቅጥነት በምን ይለኩታል?» ብለው ተማምነው ነበር። በተማሪ ማስመሪያ እንለካዋለን። ከሆድዎ በኩል፣ ከስፌቱና ከእጀታው ራቅ ብሎ፣ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይወጣል። የፊቱና የኋላው ግድግዳ ሳይለያይ ማለት ነው፤ ስለዚህ ገና ሲጀመር 2 ድርብ ነው። እሱን አምስት ጊዜ እኩል ማጠፍ 64 ድርብ ያደርገዋል። 64 በ0.03 ሲባዛ 1.92፣ ማለትም ወደ 2 ሚሊሜትር ነው። የታጠፈው ጎን ስለሚያብጥ አንዱ ጠርዝ በመቀስ ይቆረጥና፣ በጣት ጥብቅ ተደርጎ ተይዞ፣ የተቆረጠው በኩል ይለካል። 2 ሚሊሜትር ካልሞላ ከዚያ ሕግ በታች ነዎት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በየእጥፋቱ አየሩን ሳያስወጣ ሲቀር ነው። ደግነቱ፣ የቀረ አየር እርስዎን ያወፍራል እንጂ አያቀጥንም፤ ስለዚህ በዚህ ፈተና ከወደቁ ይግባኝ የለዎትም።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ወፍራም ቀጭን ሳይል እርስዎን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 ሸኝተውዎታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እርስዎ ግን ሲሾሙም በሉ፣ ተሽረውም ከማዕዱ አልተነሱም።

«ክብደት የለዎትም» ስንል ስድብ እንዳይመስልዎ፣ ሒሳብ ነው። ስፋትዎ 30፣ ቁመትዎ 40 ሳንቲሜትር፣ ውፍረትዎ 0.015 ሚሊሜትር ከሆነ ሦስት ግራም ተኩል እንኳ አይሞሉም። አንድ ኪሎ እንዲወጣዎ 300 ያህል ወንድማማቾች መሰብሰብ አለባችሁ። ቆራሌው ሃይላንድ ሲያይ ጆንያውን አውርዶ፣ እርስዎን ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው ንቆዎት አይደለም። 300 ፌስታል ለቅሞ፣ ጭቃውንና ወጡን አጥቦ፣ አድርቆ የሚያገኘው የአንድ ኪሎ ዋጋ ብቻ ነው። ፋብሪካ ቢደርሱም በማሽኑ ዘንግ ላይ እንደ ክር ይጠመጠሙና ሥራ ያስቆማሉ።

የጽዳት ዘመቻ ሲጠራ የሚያሳዩትን ደስታም እናውቃለን። ካናቴራ ይታተማል፣ ባነር ይዘረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። ቆሻሻው ተለቅሞ የሚታጨቀው ግን በማን ውስጥ ነው? በታላቅ ወንድምዎ በኩርቱ ፌስታል! በዘመቻ እንደማይሸነፉ ስለገባን መንገድ ቀይረናል።

ምትክዎ ተሹሟል። እናቶቻችን ዘንቢል ይሉት ነበር፤ ያንን ገዝቶ መያዝ ለሚያፍር ወጣት ደግሞ የዱቄት ወይም የስኳር ማዳበሪያ አለ። ባለ 50 ኪሎው ወደ 1 ሜትር ይረዝማል። መሀሉ ላይ ሲቆረጥ የታችኛው ግማሽ ከነስፌቱ ቦርሳ ይሆናል፣ ከላይኛው እጀታ ይወጣል። ልክ እንደተቆረጠ ክሩ መተርተር ስለሚጀምር ጠርዙ በሻማ ነበልባል ላይ ፈጠን ተደርጎ ይለፋል፤ እጅ ካመነታ ቀልጦ ይበሳል። አፉ 3 ሳንቲሜትር፣ ከዚያ እንደገና 3 ሳንቲሜትር ታጥፎ በጅማት ክር ይሰፋል። ለእጀታ 10 በ60 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ሦስት ላይ ታጥፈው ይሰፋሉ። ጉዱ ያለው እጀታው የሚያያዝበት ቦታ ላይ ነው። ከንፈሩ ላይ ብቻ በአንድ መስመር የተሰፋ እጀታ አምስት ኪሎ ድንች ሲያይ ይገነጠላል። ከአፉ 8 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ፣ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ፣ መሀሉ ላይ በመስቀል ምልክት መጠናከር አለበት።

የእውነተኛ ማዳበሪያ ወይም የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጆንያ ግን ቢታጠብም ምግብ አይያዝበትም። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ለወራት የከረመ ጆንያም ይደርቅና እንደ ቅጠል ይፈረካከሳል። እሱም ፕላስቲክ ስለሆነ ያን ጊዜ ዝምድናችሁ ይጋለጣል። ቦርሳው ጥላ ውስጥ፣ በበሩ እጀታ ላይ ከውስጥ በኩል ይሰቀል። ቤት ውስጥ የተረሳ ቦርሳ ከእርስዎ ጋር የተሻረከ ነውና ከቁልፍ ጋር አብሮ መውጣት አለበት።

ጉሊት ላይ የሚያሸንፉን በፍጥነት ነው። «ሽንኩርት ስንት ነው?» ብለን ሳንጨርስ እርስዎ በትንፋሽ «ፉ» ተብለው ተከፍተዋል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚከፈተው የቦርሳው አፍ ነው፤ ድንች ከታች፣ ሽንኩርት ቀጥሎ፣ ቲማቲም ከላይ።

ሥጋ ቤት ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚከስረው ሚዛን ላይ ነው። ባዶው ዕቃ 250 ግራም ከሆነና ሚዛኑ ከዜሮ ካልተነሳ፣ በኪሎው ሩቡን ፕላስቲክ በሥጋ ዋጋ ገዛን ማለት ነው። መድኃኒቱ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ባዶውን ይመዝኑልኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ትኩስ ዳቦና እንጀራ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ጨርሶ አይስማሙም። በእንፋሎታቸው ያልቡና ቶሎ ይሻግታሉ፤ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይሻላቸዋል።

ከሰል ማቀጣጠያ ሆነው የሚያገለግሉበትን ወንበርም ለብርቱካን ልጣጭ ሰጥተናል። ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ላይ የደረቀ ልጣጭ በውስጡ ባለው ዘይት ቦግ ይላል። የእርስዎን ጢስ የሚያህል ሽታም የለውም።

የመጨረሻው ምሽግዎ የቆሻሻ መጣያው ነው። «እኔ ከሌለሁ እርጥቡን ቆሻሻ በምን ትይዙታላችሁ?» እንደሚሉ እናውቃለን። እርጥቡ ከደረቁ ከተለየ መጣያው እርስዎን አይፈልግም። ታቹና ጎኑ የተበሳ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ጡብ ላይ ይቀመጣል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይገባበታል፤ ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ያለበት ወጥ አይገባበትም። ለአንድ ጣሳ እርጥብ ሁለት ጣሳ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ከላይ ይነሰነሳል፣ በሳምንት አንዴ ይገለበጣል። ከሸተተ ውኃ በዝቶበታልና ደረቅ ይጨመርለት። ለሳምንታት ምንም ካልተለወጠ ደርቋል፤ ሲጨበጥ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ እስኪሆን ውኃ ይርከፈከፍበት። የተረፈ እንጀራ ግን ወደዚያ አይሂድ፤ ድርቆሽ የሚባል ማዕረግ አለው።

ስለ ላሟም ዝም አንልም። ወጥና ፍርፋሪ በሆድዎ ተቋጥሮ ሲጣል ሽታው ስቧት ትመጣና ከነእርስዎ ትውጠዋለች። ጨጓራዋ ውስጥ አይፈጩም፣ አይወጡም፣ ይጠቀለላሉ። እሷም ጠግባ የዋለች እየመሰላት ትከሳለች። እርስዎ ግን ባለቤቷ ቢላ ይዞ እስኪመጣ ድረስ እንዳሉ ይጠብቁታል።

ስለዚህ ይህ መሸኛ ተሰጥቶዎታል። ለክረምቱ እንኳ ልቆይ ብለው እንዳይለምኑን፤ ሐምሌና ነሐሴ ቦዩን ዘግተው ጎርፉን ወደ ቤታችን የሚመሩት እርስዎ ነዎት።

ከሠላምታ ጋር
የሰፈሩ ወጣቶች

ግልባጭ
ለጉሊቷ እማማ፦ «ፉ» ከማለትዎ በፊት ቀና ብለው እጃችንን እንዲያዩልን
ለሥጋ ቤቱ ጋሼ፦ ስለ ባዶው ዕቃ ጉዳይ
ለቆራሌው፦ ለመረጃ
ለላሟ፦ እንድታውቀው እንጂ እንድትበላው አይደለም