አትናገሩት፤ ተሸንፏል

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ መስኮት ፊት ቆማችሁ «ሲስተም የለም» የተባላችሁ ወገኖቼ፣ ቅሬታችሁን ዋጥ አድርጉት። የወደቀው ሲስተሙ አይደለም፤ የመሃል ተከላካዩ ነው። እሁድ ማታ፣ በባከነ ሰዓት፣ ከማዕዘን በተሻማች ኳስ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ወንድማችን ዓይኑ የቀላው ሲያዝን ስላደረ ነው። ማህተሙ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ኮምፒውተሩም በርቷል፤ የሌለው ልቡ ብቻ ነው።

የትኛው ክለብ እንደሆነ አልናገርም። ምን አደከመኝ? የአርሴናሉ አንባቢ «የማንቼውን ጎረቤቴን ነው» ብሎ እየሳቀ ነው፤ የማንቼው ስለ ሊቨርፑሉ አለቃው፣ የሊቨርፑሉ ስለ ቼልሲው አማቹ እያሰበ ነው። ሁሉም ይሳቅ፤ ሰኞ ተራውን ጠብቆ ለሁሉም ይመጣል።

እኔ የመጣሁት ለወቀሳ አይደለም፤ ለምስጋና ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ወይም ልጅ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ለክለብ ግን ግማሽ ቀን እንኳ አላሰበም። ሕጉ የዘነጋውን ደጋፊው በራሱ ተነሳሽነት እያሟላው ነው፤ ያውም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ወንበሩን ሳይለቅ፣ በመንግሥት ወይም በድርጅት ሰዓት። ሰልስቱን እዚያው መስኮቱ ላይ ያወጣል። አባቱን ቀብሮ በአራተኛው ቀን ሥራ የገባ ጀግና፣ ለባከነች ፍጹም ቅጣት ምት እስከ ሐሙስ «ራሴን አሞኛል» ይላል። አባት ምን ያደርጋል፤ አባት ዋንጫ አያነሳ።

ይህ ሐዘን ዝግጅት እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ይንቀዋል። ጃኬቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ማታ 4 ሰዓት ለሚጀምር የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ሁሉም ኳስ ወደሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ጃኬት ይዞ ይመጣል፤ ሲጠየቅ «የሌሊቱ ብርድ» ይላል። ምን ብርድ! ጃኬቱ የመጣው ለማልያው ነው። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ዚፑ እስከ አገጭ ይዘጋና ሰውየው በሩን የሚሻገረው ከየትኛውም ወገን ያልሆነ ሰላማዊ ዜጋ ሆኖ ነው። ጀማሪዎች ግን እዚህ ላይ ይበላሻሉ። ርካሹ ማልያ አርማው ዙሪያ የተረፈ ክር አለው፤ ዚፑ ደረት ላይ ሲደርስ ያቺን ክር ይነክስና ቀጥ ይላል፣ ልክ አርማው ላይ። ወደ ላይ ቢሉት እንቢ፣ ወደ ታች ቢሉት እንቢ። በር ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁት ተቀናቃኞች ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋሉ? የበሰሉት ባለ ቁልፍ ጃኬት ይይዛሉ። ከእነሱም የባሱት ሽንት ቤት ገብተው ማልያውን ይገለብጡታል። ሲገለበጥ ግን በሙቀት የተለጠፈው የጀርባ ጽሑፍ ላብ ያገኛል፤ ሌሊት ቤት ገብተው ሲያወልቁ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ክለቡን የለቀቀው አጥቂ ስም የመጀመሪያ ፊደል ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

የካፌው ፈተና ደግሞ በማግስቱ ነው። ሐዘንተኛው ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ተቀናቃኙ አንዲት ቃል አይናገረውም፤ አስተናጋጁን ጠርቶ «ስምንት ሻይ፣ ሁለት ማኪያቶ» ብሎ ያዛል እንጂ። የአርሴናል ደጋፊ ይህን ትዕዛዝ ከነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማንቼ ኦልድትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ካሸነፈው ወዲህ ማለት ነው፣ እየሰማው ኖሯል። በ2020 እ.ኤ.አ. ባየር ሙኒክ ባርሴሎናን ሊዝበን ላይ በዚያው ቁጥር ሲሸኘው ትዕዛዙ ለሁለት ጠረጴዛ ማገልገል ጀመረ። ለማንቼ «ሰባት ሻይ፣ ማኪያቶ ይቅር» በቂ ነው፤ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. አንፊልድ ላይ በሊቨርፑል 7 ለ 0 ተሸኝቷልና። የተከበረ ሐዘንተኛ ለዚህ መልስ አይሰጥም። ስኳሩን ያማስላል። ስኳር ያልጨመረበትንም ያማስላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የወንበሩ ሊቅ ነው። እሱን ሳላመሰግን ብሞት ዓይኔ አይከደንም።

ሊቁ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ ይቀመጣል። ከዚያ ወንበር የቴሌቪዥኑ አንድ ሦስተኛ አይታይም፤ በስተቀኝ ያለው ግብ ጨርሶ የለም። ክለቡ ወደዚያ በሚያጠቃበት አጋማሽ ጎል መግባቱን የሚያውቀው ከሰው ጩኸት ነው። ፊት ለፊት ባዶ ወንበር ቢኖርም አይነሳም። ለምን ቢሉ፣ አንድ ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ትልቅ ጨዋታ አሸንፈዋል። ከዚያ ወዲህ እዚያው ተቀምጦ የተሸነፉት ብዙ ነው፤ ጥፋቱ ግን የወንበሩ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ የሆነ ሰው አስነስቶታል።

እሁድስ ማን አስነሳው? ምርመራው የተጀመረው ጎሏ ከገባች ገና 10 ሰከንድ ሳይሞላ ነው። ተጠርጣሪዋ ተገኘች፤ አስተናጋጇ። ቤቱ ከ85ኛው ደቂቃ ጀምሮ ሒሳብ ይሰበስባል፤ ምክንያቱም ተሸናፊ ሐዘኑ ጸንቶበት ሳይከፍል ይወጣል። ልጅቷ ሁለት ድራፍትና አንድ ለውዝ አስከፈለችው። ቦርሳው ያለው የኋላ ኪሱ ውስጥ ነው። የኋላ ኪስ ደግሞ ተቀምጠህበት አይከፈትም፤ ስለዚህ ሊቁ ግራ መቀመጫውን ከወንበሩ አነሳ። አራት ጣት ያህል። ኳሷ የተሻማችው ያኔ ነው።

ክርክሩ ተጧጧፈ። ግማሽ መነሳት መነሳት ነው ወይ? አንዱ «ቀኝ ጎኑ ወንበሩን ስላልለቀቀ አልተነሳም» አለ። ሌላው ከኦፍሳይድ ሕግ ጠቅሶ፣ ትከሻ ካለፈ አልፏል፣ መቀመጫም ካለፈ አልፏል፣ አለ። ሦስተኛው ለውዙን ያዘዘው ሊቁ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው እንግዳ መሆኑን አስታወሰና ነገሩ አዲስ መልክ ያዘ። ይህ እንግዳ ማነው? ማን አመጣው? ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቃል? «አንዴ መጥቶ አቻ ወጥተናል» አለ አንድ ድምፅ ከጀርባ። አለቀ። እግሩ ከባድ ነው። እንግዳው የከፈለው የመግቢያ ዋጋ ሳይመለስለት ዳግም እንዳይመጣ ተወሰነ፤ አስተናጋጇም ከእንግዲህ ሦስተኛው ረድፍ ጋ ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ እንዳትደርስ። ተከላካዩ አጥቂውን ለምን ለቀቀው የሚል ጥያቄ አልተነሳም፤ የእሱ ጉዳይ ከአጀንዳው ውጭ ነበር።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። ምስሉ ከስታዲየሙ ተነስቶ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለች ሳተላይት ይወጣል፤ ከዚያ ጣሪያችን ላይ ወዳለው ሳህን ይወርዳል። መውጣትና መውረዱ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ምስሉን አመቅ አድርጎ መላክና ዲኮደር ውስጥ መልሶ መፍታት ደግሞ ሰከንዶች ይጨምራል። በኢንተርኔት የሚያየው ጎረቤት ከዚህም ዘግይቶ የሚጮኸው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሊቁ ግራ መቀመጫውን ሲያነሳ ኳሷ መረብ ውስጥ አርፋ፣ አግቢው ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ እየሮጠ ነበር። ማለትም ሰውየው ጎሏን ያስገባት ከገባች በኋላ ነው! እንዲህ ያለ ኃይል በሰው ልጅ ታሪክ አልታየም። አራት ጣት ተነስቶ ወደ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝን ኳስ ያውም ባለፈ ጊዜ ውስጥ ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው፣ ዲኤስቲቪ ቤት ለምን ይቀመጣል? የሕዳሴ ግድቡ ተርባይን አጠገብ ይቀመጥ እንጂ።

ሊቁ የሚያስተምራቸው ደቀ መዛሙርትም አሉት። በግንቦት 2006 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አርሴናል ከባርሴሎና ያደረገውን ፍጻሜ የሚያስታውሱት ለምሳሌ። የአርሴናሉ ግብ ጠባቂ ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ፤ ካምቤል በ37ኛው ለአርሴናል አገባ፤ በ76ኛው ኤቶ አቻ አደረገ፣ ብዙም ሳይቆይ ቤሌቲ ጨረሰው። 10 ሰው ሆኖ በባርሴሎና ኳስ ቅብብል መሃል 60 ደቂቃ ያህል የሮጠ እግር በመጨረሻ ይዝላል የሚል ማብራሪያ ብትሰጧቸው በአዘኔታ ያዩአችኋል። እነሱ እስከ ዛሬ የሚፈልጉት፣ 75ኛው ደቂቃ ላይ በሩን ከፍቶ የገባውን ሰው ነው።

ባለ ሁለት ሐዘኑን ቶሎ አመስግኜው ልለፍ። ይህ ክለቡ ብቻ ሳይሆን የውርርድ ቲኬቱም የሞተበት ነው። 12 ጨዋታ መርጦ 11ዱ ገብተውለት አንዷ የቆረጠችው፤ እሷም የገዛ ክለቡ። «አንዷ ብቻ ናት እኮ!» እያለ ወረቀቱን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያሳያል። እያንዳንዷ ግምት ከመቶ 70 የመሳካት ዕድል ቢኖራት እንኳ 12ቱም አንድ ላይ የሚሳኩት ከ72 ቲኬት በአንዱ ገደማ ነው። አንዷ መቅረቷ አጋጣሚ ሳይሆን የአጫዋች ቤቱ ኪራይ የሚከፈልበት መንገድ ነው። ቢሆንም ሐዘኑን አንንካበት፤ በአጫዋች ቤቱ በር ላይ ተሰልፎ የሚቀጥለውን ወረቀት እየሞላ ነው።

እዚህ ላይ ምስጋናውን ለአፍታ ላቁመው።

በር ሲንኳኳ አራት ሰው በአንዴ ድምፁን የሚቀንስበት ቤት አለ። እናት ልጆቿን «አትናገሩት፤ ተሸንፏል» ትላለች። ልጁ የሒሳብ ደብተሩን እንደያዘ ከሳሎኑ በር ይመለሳል። ራት ቀርቦ ትሪው ይገፋል። አንዳንድ ቤት ደግሞ የሚገፋው ትሪው ብቻ አይደለም። ስሙን ሰምተውት የማያውቁ 11 ሀብታም ወጣቶች ባሕር ማዶ በሠሩት ስህተት፣ የሰባት ዓመት ልጅ እዚህ ትንፋሹን ውጦ ያድራል። ይህን «የኳስ ፍቅር» የምንል፣ ጎረቤት ሆነን ጩኸቱን ሰምተን «ተሸንፈው ነው» ብለን ቴሌቪዥኑን የምናስጮህ ሁሉ እንፈር። ሚስቱ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ደጋፊ አይባልም፤ ወንጀለኛ ነው። ክለቡ ባሸነፈ ቀንም ያው ራሱ ነው። ለእሱ ሽሙጥ አላባክንም።

ወደ ጨዋዎቹ ልመለስ፤ መሐላው ቀርቶናል። «ከዛሬ ጀምሮ ኳስ የሚባል አላይም!» የተሸነፈ ደጋፊ ይህን ሲል ቁርጥ ብሎ ነው፤ ዲኮደሩን ለመሸጥ ዋጋ የጠራም አለ። መሐላው የሚያበቃበት ሰዓት ግን የታወቀ ነው፦ ቅዳሜ ቀን 8:30፣ የፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታ ሲጀምር። በጥቅምት እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲመልሱ ጨዋታው 9:30 ይሆናል፤ ስለዚህ የክረምታቸው መሐላ ከበጋቸው በአንድ ሰዓት ይጸናል። ጾም የሚፈታም ሰው እንዲህ ሰዓቱን አይጠብቅም።

እስከዚያው ጉዳይ ያላችሁ ሰዎች፣ ከመታወቂያችሁና ከሁለት ጉርድ ፎቶ ጋር የጨዋታ መርሐ ግብር ያዙ። ሰኞን እርሱት። ማክሰኞ ሰኞ ያልተስተናገደው ሰልፍ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ሻምፒዮንስ ሊግ ስላለ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም። ሐሙስ ማታ ዩሮፓ ሊግ ነው፤ እሱ ብዙ ሐዘንተኛ የለውም፣ ማንቼ ካልገባበት በስተቀር። የሚቀራችሁ ዓርብ ከ2:30 እስከ 5:30 ነው። ከዚያ የዓርቡ ረጅም ምሳ እስከ 7:30 ይቆያል፤ ከ7:30 በኋላ የቅዳሜው አሰላለፍ ውይይት ይጀመራል። ቀይም ሰማያዊም አትልበሱ፤ ግራጫ ይሻላል። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ፋይሉን በቀስታ አስገቡ፤ ብቻ አደራ «እንዴት አደርክ?» እንዳትሉት።