ድራማ ነው፤ ግን የትኛው ድራማ?

ባለፈው ወር አንድ የፊልም ተማሪ ለመመረቂያው የሚሠራውን የአጭር ፊልም ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፎ አመጣልኝ። ርዕስ አለው፤ ርዝመቱ 12 ደቂቃ ይላል። «ዘውግ» (የፊልሙ ዓይነት) ከሚለው ፊት ለፊት «ድራማ» ብሎ ጽፏል።

«ምን ዓይነት ድራማ?» አልኩት።

«ድራማ ነዋ ጋሼ! ኮሜዲ አይደለም ለማለት ነው» አለኝ።

መልሱ አዲስ አልሆነብኝም። ካነበብኳቸው የተማሪ ስክሪፕቶች አብዛኞቹ እዚያ መስመር ላይ ይህንኑ ቃል ይዘው ነው የሚመጡት። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ቃሉን እንደ ፎርም መሙያ ያስለመድናቸው እኛ ነን። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለውድድር ሲላክ ይሞላል፤ በቃ። እኔ ግን ስክሪፕቱ ሳይጀመር መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው እላለሁ። የድራማው ዓይነት ሲለይ ስንት ተዋናይ እንደሚያስፈልግ፣ የት እንደሚቀረጽ፣ ድምፁ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሁለት ቀን ይበቃል አይበቃም የሚለው አብሮ ይለያል።

የልጁ ታሪክ ይህ ነው። አንዲት ሴት ከስምንት ዓመት በኋላ ከዓረብ አገር ትመለሳለች። በየወሩ በላከችው ብር ቤት ተሠርቷል። የቤቱ ካርታ ግን የወጣው በታናሽ ወንድሟ ስም ነው። እናትየው ታውቃለች፤ ዝም ብላለች።

ጥሩ ታሪክ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ታሪክም ነው። ችግሩ እዚያች አንድ ገጽ ላይ አራት ፊልም መታጨቁ ነው። ሴትዮዋ ጠበቃ ይዛ ወንድሟን ትከሳለች። በስደት የደረሰባት በደል በትዝታ ይመጣል። የድሮ ፍቅረኛዋን አግብቶ ታገኘዋለች። መጨረሻ ላይ እናትየው ትሞታለች። ይህ ሁሉ በ12 ደቂቃ!

ቁጭ ብለን ታሪኩን በየዓይነቱ ፈታነው።

የችሎት ድራማ ከሆነ ዋናው ጉዳይ ማስረጃ ነው። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የምስክር ቃል፣ የወንድምየው መልስ። ተመልካቹ ራሱ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (2014 እ.ኤ.አ.) እዚህ ጋ ጥሩ ትምህርት ነው። ጠላፊዋን የገደለችው የ14 ዓመቷ ሂሩት ጉዳይ በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊትም ይታያል፣ በመንግሥት ሕግ ፊትም ይታያል። የፊልሙ ጉልበት ያለው ሁለቱ የፍርድ መንገዶች ሲጋጩ ነው።

ተማሪ ግን ችሎት ከየት ያመጣል? አዳራሽ፣ ካባ፣ ታዳሚ፣ ፈቃድ። እዚህ ላይ ልጁን ያልኩትን እናንተንም ልበላችሁ፤ ክርክር ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም ያለው። ሽምግልና አለ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ሳሎን፣ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት። ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ማን ይቋረጣል፣ «ለእህትህ እግር ላይ ውደቅ» የሚለው ማነው፣ እርቁ የማንን መብት ጨፍልቆ ነው የሚወርደው? ይህን ያህል ድራማ በእጃችን እያለ የውጭ ፊልም ላይ ያየነውን የዳኛ መዶሻ ፍለጋ መሄዳችን ያሳዝነኛል። የሲድኒ ሉሜት «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957 እ.ኤ.አ.) ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያለቀው ዳኝነት የሚሰጡት 12 ሰዎች በተዘጉበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሉሜት ክርክሩ እየከረረ ሲሄድ ካሜራውን ዝቅ፣ ሌንሱን ረዘም እያደረገ ክፍሉ የጠበበ እንዲመስል አድርጓል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማሰብ ነው፤ ብር አይደለም።

ማኅበራዊ ድራማ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ወንድምየው ላይ ብቻ አይቆምም። ሥራ አጥነቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ሴት ልጅን ልኮ የመኖር ልማዱ ሁሉ ተከሳሽ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ የተማሪ ሥራ ሁለት ምሳሌ ሁልጊዜ አነሳለሁ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው በ1974 እ.ኤ.አ.፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ሳለ ነው። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ። 16 ሚሊሜትር ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ፣ ተዋንያኑ በአብዛኛው የአካባቢው ሰዎች። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገበሬውን ሲሰድብ ማየት ብቻውን አንድን ሥርዓት ይናገራል። እዚያው ዩኒቨርሲቲ አብሮት የተማረው ቻርልስ በርኔት ደግሞ «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን ቅዳሜና እሁድ እየቀረጸ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ሠርቶ በ1977 እ.ኤ.አ. ለመመረቂያ አቀረበው። የቄራ ሠራተኛ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ሰፈሩ። ሌላ ምንም የለም። ፊልሙ ግን ለውስጡ ሙዚቃ ፈቃድ ስላልነበረው በይፋ ሲኒማ ቤት የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። 30 ዓመት! የሰው ዘፈን ሳትጠይቁ የምትለጥፉ ልጆች ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

የድምፅ ነገር ከተነሳ፣ የድራማው ዓይነት እዚህ ላይ ያለው ሥልጣን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለማኅበራዊ ድራማ የሰፈሩ ጫጫታ ሀብት ነው። የታክሲ ረዳቱ ጥሪ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይግባ። የቤተሰብ ድራማ ግን የሚሠራው በዝምታ ነው። እናትየው ቡና እየቀዳች ዓይኗን ከሲኒው አላነሳ ስትል ውጭ ብሎኬት የሚቆርጥ ማሽን ካለ ያ ሲን ሞተ። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ በዓይን ብቻ አትዩ። በምትቀርጹበት ሰዓት ሄዳችሁ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።

የሥነ ልቦና ድራማም ይሆናል። ያኔ ካርታው ራሱ ብዙ አያስፈልግም። ሴትዮዋ በገዛ ብሯ በተሠራ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላት ታድራለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ ዕቃ ታጥባለች፤ እመቤቷ ቤት ያለች መስሏት። አንድ ተዋናይት፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ መብራት። ለእኔ ይህ ሐሳብ ከሁሉም ይበልጣል።

ታሪካዊ ድራማን እወዳለሁ፤ ለተማሪ ግን አልመክርም። የደርግን ዘመን የሚያሳየውን «ጤዛ» የተባለ ፊልም ለመሥራት ኃይሌ ገሪማን የሚያህል ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ደርግ ዘመን ነው ያላችሁት መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ብቅ ካለ አለቀ።

የሚቀረው ሜሎድራማ ነው፤ ስሜትን አጋኖ የሚያስለቅሰው ድራማ። የእናትየው ሞት፣ የድሮው ፍቅረኛ፣ ማጀቢያ ሙዚቃው። ሜሎድራማን አልንቅም። ሲኒማ ቤቶቻችንን የሞላው እሱ ነው፤ እኔም ሲኒማ ቤት ውስጥ አልቅሻለሁ። ግን ለአንድ ሰው ሞት ለማልቀስ መጀመሪያ ሰውየውን መልመድ አለብን። የሁለት ሰዓት ፊልም ያንን ጊዜ ይሰጣል። 12 ደቂቃ አይሰጥም። ያልተዋወቅናት እናት 11ኛው ደቂቃ ላይ ስትሞት የምናዝነው ለፊልሙ ነው።

አንድ የማከብረው የሙያ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። «ተማሪን በዘውግ አታጥረው፤ መጀመሪያ ይቅረጽ፣ ዓይነቱን በኋላ ያገኘዋል» ይላል። ሥጋቱ ይገባኛል። ፖስተር ላይ «ልብ አንጠልጣይ»፣ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» እያልን ስንት ሥራ አንድ ዓይነት አድርገናል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ፖስተር ላይ የሚጻፈው ለገበያ ነው። ከስክሪፕት በፊት የሚመረጠው ሕመሙ የት እንዳለ ለማወቅ ነው፤ ሕጉ ውስጥ፣ ሰፈሩ ውስጥ፣ ቤቱ ውስጥ ወይስ ጭንቅላቷ ውስጥ? ይህን ያላወቀ ልጅ ቀረጻው ቦታ ላይ ስምንት ሰው ቆሞ እየጠበቀው ነው የሚጨነቀው። በትውስት ካሜራና በራሱ ኪስ ገንዘብ የሚሠራን ልጅ «በኋላ ታገኘዋለህ» ማለት ይከብደኛል።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ጠበቃው የለም፤ ፍቅረኛው የለም፤ እናትየው በሕይወት አለች። ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ የቡና ሥርዓት ከአቦል እስከ በረካ። ካርታው ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አይወጣም። ወንድምየው «እታለም፣ ቡናሽ ቀዘቀዘኮ» ይላታል። የሚቀረጸው አክስቱ ቤት ነው፤ ሰፈሩ ጸጥ የሚለው እሁድ ጠዋት መሆኑን ሄዶ አዳምጦ መጥቷል።

ከዘውጉ ፊት ለፊት «የቤተሰብ ድራማ» ብሎ ጽፏል። በረካው ላይ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ግን ገና አልወሰነም። እኔ እናትየዋ ትሁን ብያለሁ፤ እሱ እህትየዋ ትሁን እያለ ነው።