እርማት፦ አኒሜሽኑን የሚያብለጨልጨው የኡኖ ዝግታ አይደለም

ወንድም ዓለም፣ ለደብረ ማርቆሱ ተማሪ «አርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ቀርፋፋ ስለሆነ በትንሿ ስክሪን ላይ አኒሜሽኑ ይብለጨለጫል፤ ፈጣን ቦርድ ግዛ» ብለህ መልሰህለታል። ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስሕተት ነው። ልጁ በከንቱ ገንዘብ እንዳያወጣ ላርመው።

ኡኖ በ16 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ለዚህ ሥራ አያንስም። ጊዜ የሚበላው ምስሉን ወደ ስክሪኗ መላኩ ነው። 128 በ64 የሆነችው ትንሿ የኦሌድ ስክሪን 8192 ነጥብ አላት፤ ስምንቱ ነጥብ አንድ ባይት ስለሚሆን 1024 ባይት ማለት ነው። ቦርዱንና ስክሪኗን በሚያገናኘው በአይቱሲ መስመር በ100 ኪሎኸርዝ ሲላክ አንዱ ምስል 90 ሚሊሰከንድ ግድም ይፈጃል፤ በሰከንድ 10 ምስል ቢያልፍ ነው። በ400 ኪሎኸርዝ ግን ከ30 ይበልጣል።

ብልጭታው የሚመጣው ከኮዱ ቅደም ተከተል ነው። ባሕር ዳር ሆኜ የጣናን ታንኳ አኒሜሽን ስሠራ ደርሶብኛል፦ ርዝመቷ 16 ነጥብ፣ ከፍታዋ 8፣ ቀዛፊው በሁለት ምስል ብቻ መቅዘፊያውን ያነሣል፣ ይጥላል። መጀመሪያ ባዶውን ገጽ ልኬ ከዚያ ታንኳዋን በምልክበት ጊዜ፣ በየርምጃዋ መካከል ጨለማ ይገባ ነበር። አሁን ማጥፋቱንም መሣሉንም ራም (የቦርዱ ጊዜያዊ ማኅደር) ውስጥ ጨርሼ አንዴ ብቻ እልካለሁ። በዚያው ኡኖ፣ ያቺው ታንኳ እያማረባት ትንሳፈፋለች።

ራሙ ጠባብ መሆኑ ግን እውነት ነው፤ ካለው 2048 ባይት ግማሹን የስክሪኑ ምስል ይወስደዋል። ስለዚህ ልጁ ሥዕሎቹን ፕሮግሜም በሚባለው የኮድ ቃል፣ ኮዱ በሚቀመጥበት ቋሚ ማኅደር በፍላሽ ላይ ያስቀምጣቸው።